የአረንጓዴው ካርድ ጭረት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሰጡኝ የምስክር ወረቀት መስታወት ገብቶለት ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። የሰቀለችው የልጅ ልጄ ናት። «ወይዘሮ ዘነበች በካርድ ክፍል ሠራተኛነትና በተራ አስከባሪነት ያለ እንከን አገልግለዋል» ይላል። ያለ እንከን የሚለው ውሸት ነው። ባወርደው ልጆቼ ምን ሆንሽ ብለው ስለሚጨቀጭቁኝ ትቼዋለሁ። ከሥሩ ተቀምጬ ግን እውነቱን እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ለዚህ ይበቃል።

የሠራሁባት ክሊኒክ እዚሁ ልደታ ናት፤ ስሟን መጥራት አያስፈልግም። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። ኮሪደር ስወለውል አንድ ነገር ተማርኩ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው መወልወያው እግሩ ሥር ቢደርስ እንኳ እግሩን አያነሣም፤ ያነሣ እንደሆነ ተራው የሚያመልጠው ይመስለዋል። ከዚያ ጥቂት ዓመት ክትባት ክፍል እናቶችን ሳሰልፍ ቆየሁ። እዚያ ነው ኃይለኛ የሚል ስም የወጣልኝ። «እትዬ ዘነቡን አልፎ ከመግባት ገነት መግባት ይቀላል» ይሉ ነበር፤ እኔም ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር። ስለ ደሞዜ የምለው የለም፤ ትንሽ ነበረች፣ ትንሽ እንደሆነች ኖረች።

ከዚያ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወርኩ። ሥራ ያስተማረኝ ጋሼ ታፈሰ ነው፤ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ። ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። እርሳሱ ከጆሮው አይወርድም። ስም ሲጠራ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ ቀስ አድርጎ፣ የሚያፍር ሰው እንዳይቀር።

ሦስት ሐኪሞች፣ ሦስት ክፍሎች ነበሩን። ጋሼ ታፈሰ ከዋንዛ የተቆረጡ ሦስት ጠፍጣፋ እንጨቶች በየገመዳቸው ሚስማር ላይ ይሰቅል ነበር። እንጨት ያልያዘ ሰው አይገባም፤ የወጣ ሰው እንጨቱን ይመልሳል። በዚህ ምክንያት አራተኛ ሰው በር ላይ ተጋፍቶ አያውቅም። ደምና ሽንት የታዘዘለት ሰው ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ እንጨቱን ትቶ ነው፤ ውጤቱ እስኪደርስ ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፣ ሌላ ይገባል። ውጤቱ ሲመጣ የሰውየው ካርድ በየቀለሙ መደብ ፊት ላይ ይቀመጣል። ቀለሙን የምትሰጠው ነርሷ ናት። ቀይ የሚያጣድፍ ነው፤ ቢጫ ብዙ የማይቆይ፤ አረንጓዴ መጠበቅ የሚችል። ጋሼ ታፈሰ በየሰዓቱ ብድግ ይልና የጠባቂዎቹን ፊት አንድ በአንድ ያያል። ተመልሶ እርሳሱን ይቀርጻል፣ አረንጓዴዎቹን ካርዶች ያነሣና ጥጋቸው ላይ አንድ አንድ ጭረት ያደርጋል። ሦስት ጭረት የሞላውን ወደ ቢጫው መደብ ያዛውረዋል። ከዚያ ሻዩን ይጠጣል። ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ነገር የለም። እጁን እያየሁ እጄ ለመደ።

አንድ ቀን የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አንድ የተከበሩ ሰውዬ ይዞ መጣ። እንግዳዬ ናቸው፣ ይግቡ አለኝ።

«እንግዳዎን ምን ያማቸዋል?» አልኩት።

«ቸኩለዋል።»

«መቸኮል ቀለም የለውም።»

ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ማኅደሬ ውስጥ ዛሬም ይኖራል። ጋሼ ታፈሰ እርሳሱን መቅረጹን ቀጠለ። ጡረታ ሲወጣ ግን ከጆሮው ላይ ያለችውን እርሳስ አውርዶ ሰጠኝ። ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ፤ እኔም በወንበሩ ተቀመጥኩ።

እርሳሷ እንዳትጠፋብኝ ለጋዋኔ ጠባብ ኪስ የሰፋልኝ ጋሽ ሙሄ ነው። ጌጃ ሰፈር አንዲት የልብስ ስፌት መኪና ይዞ የሚኖር የወሎ ሰው ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። ኪሷን ሰፍቶ ጨርሶ እርሳሷን ሦስት ጊዜ አስገብቶ አወጣ። ከዚያ ነው ጋዋኑን የሰጠኝ።

በመጨረሻ ኮምፒውተር መጣ። ወረፋውን ማሽን ይያዘው ተባለ። ፕሮግራሙን እንድትጽፍ የቀጠሯት ረድኤት የምትባል ልጅ ናት፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ሳያት ፊቴን አዞርኩባት። እሷ ግን ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠችና እትዬ፣ እርስዎ እንዴት እንደሚሠሩ ይንገሩኝ፣ እኔ እሱኑ ነው የምጽፈው አለችኝ። ከዚያ በፊት ሥራዬን እንዴት እንደምሠራ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልቤ ሞቀ።

ሦስቱን እንጨቶች አሳየኋት። ፎቶ አነሣቻቸው። ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ እንደምትጽፈው ነገረችኝ። ያ ቋንቋ ሥራ የሚያድለው በአንድ እጅ ነው አለች። ደሙን ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ ቆሞ አይጠብቅም፣ ወደሚቀጥለው ሰው ይዞራል። ውጤቱ ሲደርስ የተወውን ያነሣል።

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አልኳት። «እኔ ሽንት ቤት ስለምሄድ ነው የምንለያየው።»

ሥራዬን ለእሷ ስነግራት ዋልኩ። ከሦስት ሰው በላይ አይግባ። ቀይ ይቅደም፣ ቢጫ ይከተል፣ አረንጓዴ ከዚያ። በአንድ ቀለም ውስጥ ቀድሞ የመጣ ይቅደም። ከላቦራቶሪ የተመለሰ በቀለሙ ፊት ይሁን። እሷ ለቀይ አንድ፣ ለቢጫ ሁለት፣ ለአረንጓዴ ሦስት ቁጥር ሰጠች። ሦስቱን እንጨቶችም ማሽኑ ውስጥ በጽሑፍ ሠራቻቸው፤ አንዱ በተመለሰ ቁጥር ማሽኑ ትንሹን ቁጥር ፈልጎ ይጠራል። መጨረሻ ላይ ሌላ የቀረ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አሰብኩ። «የለም፣ ይኸው ነው» አልኳት።

በሙከራው ቀን ማሽኑ ቆመ። ሁለት ሐኪሞች ባዶ ክፍል ተቀምጠው እስክሪብቶ ያሽከረክራሉ፤ ተራ የሚጠራው የማሽኑ ሰሌዳ ግን ክፍሎቹ ሞልተዋል ይላል። ረድኤት ላብ አጠመቃት። እኔ ግን አንድ ጊዜ አይቼ ገባኝ።

«እንጨቱን ይዞ የሄደ ሰው አለ» አልኳት።

እውነትም ነበረ። ለሁለት ሰዎች የታዘዘው ምርመራ ላቦራቶሪ ሳይደርስ ተበላሽቶ ሥራው መሐል ላይ ተቋርጦ ነበር። ማሽኑ ሥራ ሲሳካ ብቻ ነበር እንጨት የሚመልሰው፤ የተበላሸበት ሰው እንጨቱን ይዞ እንደወጣ ቀረ። በጋሼ ታፈሰ ዘመን እንዲህ ሲሆን በር ድረስ እየሮጥኩ ከሰው ኪስ አወጣ ነበር። ረድኤት ሥራው ቢሳካም ባይሳካም በመጨረሻ እንጨቱ ይመለስ የሚል መስመር ጨመረችና አቀፈችኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ፕሮግራመር ነዎት» አለች። ቤቴ ገብቼ ለልጆቼ ሁሉ አወራሁት። ኩራት ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲያ የማየው በማሽኑ ሆነ፤ በራሴ ዐይን ማየት አቆምኩ።

ክረምት ገባ። ተቅማጥና ትኩሳት ኮሪደሩን ሞላው፤ ቀይና ቢጫ ከጠዋት እስከ ማታ አያልቅም። ጋሽ ሙሄ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ሆዴን ትንሽ ያመኛል አለ፤ እንዲያ እያለ እጁን ከቀኝ ጎኑ አያነሣም። ትኩሳት የለውም፣ አያለቅስም፣ አያቃስትም። ነርሷ አረንጓዴ ሰጠችው። አይፈረድባትም፤ የሚያሰማ ሕመም አልነበረም።

ሲያልፍ ጋዋኔን አየ።

«እትዬ ዘነቡ፣ እርሳሷ የት ሄደች? ኪሷን እኮ ለእሷ ብዬ ነው የሰፋኋት።»

«ጡረታ አወጣኋት» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን።

ቀኑን ሙሉ ተቀመጠ። ሰሌዳው ይጮኻል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አንድ ጊዜ ወደ መስኮቴ መጣና ማሽኑ ስሜን ያውቀዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እንደማፈር እያለ። «ያውቀዋል ጋሽ ሙሄ፤ ማሽን አያዳላም» አልኩት። አሥር ሰዓት ላይ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ተመለሰ። ማሽኑ በየጠዋቱ አዲስ ይጀምራል፤ ትናንት የጠበቀው ትናንት ቀረ። እንደገና አረንጓዴ፣ እንደገና መጨረሻ።

በዚያ በሁለተኛው ቀን የጽዳት ሠራተኛችን ጠጋ ብላ ጋሽ ሙሄን አንድ ጊዜ አስገቢው፣ ፊቱ ደስ አይልም አለችኝ። እኔ ቀና ብዬ አላየሁትም። ዐይኔ ሰሌዳው ላይ ነበር።

«ጋዋኔን ስለሰፋልኝ ነው የማስገባው?» ብዬ ተቆጣኋት።

ይህን ቃል ነው ምስክር ወረቀቱ ያልጻፈው። ወዳጄ ስለሆነ ከሌላው ይበልጥ ጠበቅኩበት። ለማላውቀው ሰው ቢሆን ምናልባት ተነሥቼ ፊቱን አይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አልመጣም። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሌሊቱን ሆስፒታል እንደወሰዱትና እዚያው እንዳረፈ ጠዋት ሰማሁ። ሽማግሌ ሰው ሲሆን ሕመሙ ላይጮኽ ይችላል አሉ ሐኪሞቹ።

ረድኤትን ጠርቼ ማሽንሽ ሰው ገደለ አልኳት። የሁለቱን ቀን አጠራር በወረቀት አወጣች። መስመር በመስመር አየነው። ሁሉም ልክ ነው። ሁልጊዜ እንጨት ሲመለስ ከጋሽ ሙሄ የባሰ ሰው ነበረ።

«ስሕተት የለውም እትዬ። የነገሩኝን ነው የሠራሁት» አለች።

አላመንኩም። በእኔ ዘመን አረንጓዴ ሆኖ ሳይገባ የዋለ ሰው አልነበረም ብዬ ይዣት መጋዘን ገባሁ፤ አሮጌ ካርዶች አወጣሁ። ክረምት የነበሩትን መረጥኩ። የገባውን ሰዓት፣ የወጣውን ሰዓት እያነበብኩ አሳያት ጀመር። እሷ ሰዓቱን አታይም ነበር። ጣቷን ካርዱ ጥግ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ይቺ ጭረት ምንድን ናት?»

አየኋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የጋሼ ታፈሰ እጅ። ሌላ ካርድ አነሣች፤ የእኔ እጅ። ያወጣሁት ካርድ ሁሉ ጭረት ነበረበት። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነገርኳት፤ በየሰዓቱ አንድ፣ ሦስት ሲሞላ ወደ ቢጫ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሥራ መሆኑን አላወቅኩም» አልኳት።

እውነቴን ነው። እርሳስ ከመቅረጽና ሻይ ከመጠጣት ጋር ነበር የምቆጥረው። ስትጠይቀኝ ያሰብኩት በአፍ የሚነገረውን ነው፤ እጄ የሚያውቀውን አላሰብኩም። ሰውን ከሞት የሚያድነው ግን እሱ ነበር። ቀይ ይቅደም ማለት ቀላል ነው፤ ማንም ይላል። የጠበቀውን ሰው የምታስታውሰው ያቺ ጭረት ብቻ ነበረች።

ረድኤት በዚያው ቀን ጻፈችው። አምስት ስድስት መስመር ብትሆን ነው። የጠበቀ ሰው ቁጥሩ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፤ በሦስት ሰዓቱ ከቢጫ እኩል ይሆናል። ሳይታይ የሄደ ሰው በማግስቱ ሲመጣ የትናንቱን ይዞ ይጀምራል። የመስመሮቹን ስም በፈረንጅ ፊደል ጭረት አለችው። ከዚያ ወዲያ ሳይታይ የሄደ አረንጓዴ አልነበረም። አምስት መስመር። አንድ ሳምንት ቀድሞ ቢጻፍ ጋሽ ሙሄ ዛሬም የስፌት መኪናው ላይ ነው።

ለቅሶ ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል ቆርጬ ነበር፤ ከበር ጀምሮ ቃሌን እያዘጋጀሁ ገባሁ። ሚስቱ ዘይነባ ምንጣፉ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘች። ሆስፒታል ሂድ ብዬው ነበር አለችኝ። «ክሊኒኩ ውስጥ እትዬ ዘነቡ አሉ፣ ሰው አይበደልም ብሎ እንቢ አለኝ።»

እግዜር ያጽናሽ ብዬ ወጣሁ። በሰው ፊት መብት እየጠየቅኩ፣ በዳቦ ሰልፍ ሳይቀር እየተጣላሁ የኖርኩ ሴት፣ አንዲት እውነት መናገር አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዬ አጭር ነው። ረድኤት ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ ሄደች። ሥራ አስኪያጁም ተቀየረ። አዲሱ ብዙ ክሊኒኮች የሚጠቀሙበትን ሌላ ፕሮግራም አስገባ፤ ካርድ ክፍሉም ተዘጋ። የተከሉት ሰዎች አንድም የካርድ ክፍል ሴት አላናገሩም። እኔ ራሴ ሄጄ ስለ ጭረቷ ነገርኳቸው። ትሕትና አላቸው፤ አስተያየትዎን እናስተላልፋለን አሉኝ። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ማኅደር ውስጥ ገባች፤ ከማስጠንቀቂያዬ ጋር ጎን ለጎን ትተኛለች። ብዙም ሳይቆይ ጡረታዬ ደረሰ፤ ኬክ ቆረሱልኝ፣ ይህን ወረቀት ሰጡኝ።

ከጥቂት ሳምንት በፊት ለጉልበቴ እዚያው ሄድኩ። አረንጓዴ ነጥብ ያለባት ቁጥር ሰጡኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዘይነባ ነበረች። ከስታለች።

«እትዬ ዘነቡ፣ አንቱም ወረፋ ይጠብቃሉ?» ብላ ሳቀች።

ምን እንዳመማት ጠየቅኳት። ራሴን ያዞረኛል፣ ትንሽ ነው አለች። ጋሽ ሙሄም ትንሽ ነበር ያለው። የእሷም ነጥብ አረንጓዴ ነበር።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሰሌዳው ቀይና ቢጫ ይጠራል። ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ እዚያ ያለችው ልጅ አታውቀኝም።

«ይቺ ሴት ራሷን እያዞራት ነው፤ ነርሷ ደግማ ትያት።»

«እማማ፣ ሲስተሙ ይጠራቸዋል።»

«ሲስተሙን ማን ያናግርልኝ?»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ክፋት የላትም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን ስበረብር የጋሼ ታፈሰን እርሳስ አገኘኋት። ሳላስበው የዘይነባን ወረቀት ከእጇ ወስጄ ጥጉ ላይ አንድ ጭረት አደረግኩ። ያረጀ ሰው ጨዋታ መሰላት። በሁለተኛው ሰዓት ሁለተኛውን አደረግኩ። ሦስተኛውን ስጨርስ ምንድን ነው የሚጭሩት አለችኝ።

ነገርኳት። ጭረቷ ምን እንደሆነች፣ ለረድኤት ሳልነግራት እንደቀረሁ፣ ጋሽ ሙሄ የት እንደተቀመጠ፣ እርሳሷ የት እንደሄደች እንደጠየቀኝ፣ ለጽዳቷ ሴት ምን እንደመለስኩ። አንዱንም አላስቀረሁም።

ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች።

«ሁለት ቀን ሙሉ?»

«ሁለት ቀን ሙሉ።»

«አንቱ እዚያው ተቀምጠው?»

«እዚያው ተቀምጬ።»

ወረቀቷን ከእጄ ወሰደች። ሦስቱን ጭረት በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው።

«ታዲያ ይህን አሁን ማን ያየዋል?» አለች።

ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፤ ሄዳ ከፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሰሌዳው ጮኸ። ሁለታችንም ቀና ብለን አየን። ቢጫ ነበር። ሁለታችንም መልሰን አቀረቀርን።